ለጀማል ያነሣሁት ባንዲራ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ናኦሚ ኳስ ስትጫወት ቁርጭምጭሚቷ ዞረባትና አባቷ ተሸክሞ መኪና ውስጥ ካስገባት በኋላ ከመኪናው ኪስ የቅባት ቱቦ አውጥቶ እግሯን ያሽላት ጀመር። ክዳኑ እንደተከፈተ ያ አፍንጫን የሚያቀዘቅዝ፣ ዓይንን የሚያስነባ፣ ከረሜላም መድኃኒትም የሚመስል ሽታ መኪናውን ሞላው። ልጄ «ኡፍ!» ብሎ መስኮቱን ሊከፍት ሲል «ተወው» አልኩት።

«እማዬ፣ ይኼ ነገር እኮ ይገድለናል!»

«ተወው አልኩህ።» ተወው። እንዲህ ባለ ድምፅ ስናገር ልጄ አይከራከረኝም።

እውነቱን ለመናገር ሽታው ሲደርስብኝ ቀድሞውኑ ተናድጄ ነበር። እዚህ አገር በናኦሚ ዕድሜ ያሉ ልጆች ሲጫወቱ ጎል አይቆጠርም። ፈገግታዋ የማያልቀው አሠልጣኝ «ኤቭሪባዲ ዊንስ!» እያለች ታጨበጭባለች፣ በመጨረሻ ለሁሉም ጭማቂ ይታደላል። እኔ ግን የታጠፈች ወንበሬን መስመሩ ዳር ዘርግቼ በልቤ እቆጥራለሁ። መቆጠር የለበትም የሚሉት እናቶች ራሳቸው እየተንሾካሾኩ «ማን እየመራ ነው?» ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። ያን ቀን ናኦሚ የመታችው ኳስ ጎሉ አፍ ላይ ሲደርስ ሁሉም «ጎል!» ብሎ ጮኸ፤ እግሯ የዞረባትም በደስታ ስትዘል ነው። እኔ አልጮህኩም።

ያ ሽታ የጀማል ሽታ ነው።

በፈረንጅ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ልጄን ይዤ ከዴንቨር ጎን ያለችው ኦሮራ ስገባ ያረፍኩት ቻምበርስ ሮድ ላይ ያለ አንድ የቆየ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ምንጣፉ የሌላ ሰው ውሻ ይሸታል፣ ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ትላለህ፣ መስኮቱም የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያውን ብቻ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ መኪና መንዳት የማልችል፣ ባሌን ቀብሬ የመጣሁ ሴት ነበርኩ። ሥራ ያገኘሁት አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሲሆን አውቶቡሱ በረዶ ባለ ቁጥር ይጠፋል። ትይዩ በር ላይ የሚኖሩት ጀማልና ሚስቱ ሰዓዳ ነበሩ። ጀማል የኮልፌ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። በመጣሁ በሳምንቱ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ስንቀጠቀጥ አየኝና «እትዬ፣ ይግቡ፣ በመንገዴ ነው» አለኝ። በመንገዱ እንዳልነበረ ያወቅሁት ከተማዋን ስለምድ ነው። እስከዚያ ግን የጠዋት ጉዞው ልማድ ሆኖ ነበር።

ጀማል የሚኖረው ለእሑድ ነበር ማለት እችላለሁ። ከሎውሪ የጦር ሰፈር አጥር ማዶ ሣሩ ግማሽ ያረረ አንድ ሜዳ ነበር፤ የኦሮራ ልጆችና የዴንቨር ልጆች እሑድ እሑድ እዚያ ይገናኛሉ። ሾፌሩ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ የሱቁ ልጅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሳምንቱን ሙሉ «የስ ሰር» ሲሉ የከረሙ ሰዎች ለሁለት ሰዓት ያህል ነፍስ ይዘራሉ። ጀማል በግራ እግሩ ስለሚጫወት «ግራው» ይሉት ነበር። ቁመቱ አጭር፣ እግሩ ቀጭን፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ ነው፤ ኳስ ሲይዝ ግን በሠርግ ቤት መካከል ሳይገፋ የሚያልፍ አሳላፊ ይመስላል። ከጨዋታ በፊት ጉልበቱንና ባቱን በዚያ ቅባት እየደጋገመ ስለሚያሽ የታክሲው ወንበር ሁሉ ሽታውን ጠጥቶት ነበር። አንዲት ፈረንጅ ተሳፋሪ «ታመሃል?» ብላ ጠየቀችኝ እያለ ይስቅ ነበር።

እኔ የመስመር ዳኛ የሆንኩት በጀማል ጉዳይ ነው። አንድ እሑድ ከገበያ መልስ ሜዳው ዳር አስቀመጠኝና፣ ኳሷ ወጥታለች አልወጣችም ብለው እግሬ ሥር ተፋጠጡ። ጀማል «አልወጣችም!» ይላል። እኔም ሳልጠየቅ «ወጥታለች እንጂ፣ ምን ታደርቃቸዋለህ!» አልኩት። በታክሲው በነጻ የሚወስደኝን ጎረቤቴን እንዲህ ስል የሰሙት የዴንቨሮቹ ሰዎች በሳቅ ፈረሱ፤ የእነሱ አለቃ ተስፋዬ፣ ያ ወፍራም ደግ ሰው፣ «ከዛሬ ጀምሮ መስመሩን እትዬ በላይነሽ ይያዙልን» አለ። በሳምንቱ ጀማል የመጥረጊያ እንጨት ላይ ቢጫ የወጥ ቤት ፎጣ ሰፍቶ አመጣልኝ። ኦፍሳይድ የሚባለውንም ነገር ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ቀይ መብራት ላይ በቆምን ቁጥር ለተሳፋሪ የሚያስቀምጣቸውን ከረሜላዎች ዳሽቦርዱ ላይ እየደረደረ፣ «ይኼ ተከላካይ ነው፣ ይኼ እኔ ነኝ፤ ኳሷ ስትመታ እኔ ከእሱ አልፌ ከቆምኩ ሌብነት ነው» ይለኛል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ተከላካዩን አንሥቶ ይበላዋል። ሌብነት ስላለኝ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሆነ አይቼ ባንዲራ ያነሣሁበት ቀን የለም።

«እትዬ በላይነሽ፣ መነጽር ይግዙ!» ይሉኛል።

«አንተ መጀመሪያ እግር ግዛ!» እላቸዋለሁ።

በነዚያ ዓመታት ውስጥ የሰው አገር ሰው መሆኔን የምረሳው እዚያ መስመር ላይ ስቆም ብቻ ነበር።

ከዚያ አንድ ሰመር ላይ ጀማል ምግብ አልወርድ አለው። ሆዱን እየያዘ ይነዳል፣ ይከሳል፣ በመጨረሻም ሆስፒታል ገብቶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በማግስቱ ሰዓዳ በሬን ገፍታ ገባችና ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ቁጭ አለች። «ክፉው በሽታ ነው» አለች፤ በስሙ አልጠራችውም፣ ያኔ ካንሰር ብሎ በአፉ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ቀዶ ጥገናው እንዳለቀ፣ ጀማል ገና ሳይነቃ፣ ቶርንተን የሚኖረው ወንድሟ ዶክተሩን ኮሪደር ላይ አግኝቶ «እባክህ ለእሱ አትንገረው፣ ጨጓራ ነው እንበለው፣ እኛ ጊዜውን ጠብቀን እንነግረዋለን» ብሎ ለምኖት ነበር። ዶክተሩም አንገቱን ነቀነቀ። እነሱም ተስማማ ብለው ደስ እያላቸው ተመለሱ። አገራችን እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በመጨረሻ ነው የሚደርሰው፣ ያውም ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ።

«ይኼማ ግፍ ነው» አልኳት። «ቻምበርስ ሮድ ሙሉ ስለ እሱ ሆድ ሲያወራ እሱ ብቻ አይስማ?»

«ከሰማ ተስፋ ይቆርጣል፣ እትዬ። ነገ ነው የሚሞትብኝ።» እጄን ያዘች። «ልጄ ይሙት ይበሉኝ። አልነግረውም ይበሉኝ።»

ልጄ ጎን ካለው ክፍል ሆኖ ቴሌቪዥን ሲያይ ይሰማኛል። አልኳት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሰመር ለእኔ እስር ነበር። ጀማል ትንሽ አገገመና ወደ ታክሲው ተመለሰ፤ ጠዋት ጠዋትም እንደ ድሮው አብሬው እገባለሁ። ሰውነቱ ሙቀት አልይዝ ስላለ በኦገስት ማሞቂያ ይከፍታል፣ መስኮቱን እስከ አፉ ይዘጋል፤ እኔ በቅባቱ ሽታና በዚያ ሙቀት መካከል ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ አፌ እንዳያመልጠኝ ጥርሴን ነክሼ እቀመጣለሁ። በእግር እንዳልሄድ ሩቅ ነው፣ በአውቶቡስ ልሂድ ብል ምን ሆነች ብሎ ይጠይቃል። እሱ ደግሞ ያወራል። «ጨጓራዬ ይሻለኝ እንጂ፣ እትዬ፣ በስፕሪንግ ተመልሼ እነዚያን የዴንቨር ልጆች አሳያቸዋለሁ።» እኔ ክርስቲያኗ ሴት «ኢንሻአላህ» እለዋለሁ። ያን ያህል ኢንሻአላህ ብዬ አላውቅም፤ ውሸት ያልሆነ ሌላ ቃል አጥቼ ነው። ቤቴ ስገባ ደግሞ በዚያ ስስ ግድግዳ ሳሉ ይመጣል፤ ከሳሉ ቀጥሎ የሰዓዳ ሳቅ ይመጣል፣ ቶሎ የሚጀምርና ቶሎ የሚቆም ሳቅ።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን የወቅቱ መጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። ጀማል «መጨረሻው ላይ ትንሽ ደቂቃ ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ» ብሎ ድርቅ አለ፤ ይህን ሲል የቡድኑ ልጆች መሬት መሬቱን አዩ። ከጨዋታው በፊት ተስፋዬ ወደ እኔ መጣ። በሬዎቹ የጠፉበት ገበሬ ይመስላል።

«እትዬ በላይነሽ፣ ዛሬ እንኳ ባንዲራው ይረፍ።»

«ለምን?»

«ያውቁታል እኮ።»

«አላውቅም፣ ንገረኝ።»

ዙሪያውን አየ። «ተነጋግረናል። ጀማል ሲገባ ልጆቼ ገለል ይላሉ፣ በረኛውም በሌላ በኩል ይወድቃል። አንዲት ጎል ያግባና ደስ ብሎት ይሂድ።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

 ዓይኑ እንባ ሞላ፣ የእኔ ንዴት ግን ከእንባዬ ቀደመ። «ካገባ በደንብ ያግባ። እኔ የማየውን ነው የማነሣው።»

«ልብ የለዎትም» ብሎኝ ሄደ።

ጨዋታው ያለ ጎል ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጀማል ገባ። ማልያው ላዩ ላይ እንደ መጋረጃ ይወዛወዛል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ሰዓዳ ብርድ ልብስ ተከናንባ መስመሩ ማዶ ቆማለች። መሮጥ ስላልቻለ እየተራመደ ከዴንቨር ተከላካዮች ሁሉ አልፎ ጎሉ አጠገብ ቆመ፣ ትንፋሹን ሊሰበስብ ነው የቆመው። ኳሷም ወደዚያው ተመታች። ከረሜላዎቹ ዳሽቦርድ ላይ ሲደረደሩ እንኳ እንደዚያ ግልጽ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። እጄ ተነሣ። እኔ ያነሣሁት አይመስለኝም፣ ስንት ዓመት የለመደ እጅ ነው። ጀማል በግራው ነካት፣ በረኛው በሌላ በኩል ወደቀ፣ ኳሷም ገባች። ዳኛው ወደ እኔ ሳያይ ፊሽካውን ነፋ፤ ሁለቱም ቡድን፣ ባላጋራው ጭምር፣ ጀማል ላይ ተረባርቦ አቀፈው። አንዳንዱ እየጮኸ ነው፣ አንዳንዱ እያለቀሰ።

ባንዲራውን አላወረድኩም።

ሰዓዳ ከማዶ «ያውርዱት! በአላህ ያውርዱት!» ትላለች። ከኋላዬ አንዱ «ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት» አለ። በዚያ ሜዳ ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ መካከል ለብቻዬ ተቀርቅሬ የቀረሁ መሰለኝ፣ ማውረድም አልችል፣ መሸሽም አልችል። በዚህ መካከል ጀማል ከሰዎቹ ትከሻ በላይ ቀና ሲል ቢጫውን ፎጣ አየው። ደስታ ላይ የነበረ ፊቱ ቀስ ብሎ ሌላ ሆነ፤ ባንዲራውን አየ፣ የወደቀውን በረኛ አየ፣ ገለል ያሉትን ተከላካዮች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ከመካከላቸው ወጥቶ ኳሷን ከመረቡ አወጣና ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ወስዶ መሬት ላይ አስቀመጣት።

«ኦፍሳይድ ነው» አለ። «ምቱ።»

መቱ፣ ምን ያድርጉ። ትንሽ ቆይቶ ኳሷ እንደገና ደረሰችውና አንዱ ግዙፍ ተከላካይ እንደ ቅድሙ ገለል ሊልለት ሲል ጀማል ኳሷን እግሩ ሥር አቁሞ «ና! ምን ትፈራለህ? ና ግጠመኝ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ተስፋዬን አየ፣ ተስፋዬም ዞር አለ። ከዚያ መጣና ገጠመው፣ ኳሷን ነጠቀው፣ ጀማልም ጭቃው ላይ ተዘረረ። ሰዓዳ እሪ አለች። ጀማል ግን በጀርባው እንደተኛ፣ ማልያው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይስቅ ነበር፤ ያን ሰመር ሙሉ ያልሰማሁት፣ ከሆዱ የሚመጣ የድሮ ሳቁ ነው። ጨዋታው ያለ ጎል አለቀ፣ እኔንም ሰላም ያለኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲው ማቆሚያው ላይ እንደ ወትሮው ጠበቀኝ። ማሞቂያው እየነፈሰ ነው። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ጀማል ከረሜላ አንሥቶ ሰጠኝ።

«ትናንት ሁሉም ተሰብስበው ቀበሩኝ» አለ። «ያልቀበሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ከረሜላውን ያዝኩት፣ አልበላሁትም።

«ዶክተሩ እኮ ነግሮኛል። የነቃሁ ዕለት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ‹ቤተሰብህ እንዳልነግርህ ለምነውኛል፣ እኔ ግን የምናገረው ለባለቤቱ ነው› አለኝ። የሰዓዳ ወንድም አንገቱን ሲነቀንቅ አይቶ እሺ ያለው መስሎታል። ሰምቼሃለሁ ማለቱ ነበር።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ ምን ዘጋህ?»

«ሰዓዳ እኔ ፊት መሳቅ የምትችለው አያውቅም ብላ ነው። ማወቄን ካወቀች በምን ትስቃለች?» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ፣ እሱ አልተንቀሳቀሰም። «ሳላውቅ እንደሞትኩ ይቅርላት። እሷ በሕይወት እስካለች አይንገሩብኝ፣ እትዬ።»

«ይኼማ ፍትሕ አይደለም!» አልኩት።

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ! እሷ አትንገሪው ብላ ታስረኛለች፣ አንተ አትንገሪያት ብለህ ታስረኛለህ!»

ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሕመሙ እስኪያስቆመው ድረስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያም እሺ አልኩት።

የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ ሳይቀልጥ ጀማል ሞተ። እንደ ሃይማኖቱ ሳይውል ሳያድር ቀበሩት፤ ሁለቱም ቡድን በበረዶ ላይ ተሸክሞት ሄደ። እኔ ለእነሱ ቤት ብቻ ብዬ ለይቼ ባስቀመጥኩት፣ የእኛ ሥጋ ነክቶት በማያውቀው ድስት ምስር ወጥ ሠርቼ ትይዩውን በር ገፋሁ። ሳሎኑ በሴቶች ተሞልቷል። ሰዓዳ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰው ሁሉ ሊያስደስተው ሲለፋ አንዲት ጎል እንኳ የከለከሉት እርስዎ ነዎት» አለች። «ምንም ሳያውቅ ሊሄድ፣ አንዲት ጎል።»

ሴቶቹ ሁሉ ዞሩብኝ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ያውቅ ነበር፣ የፈለገው ጎል አልነበረም፣ ብዬ አንድ ትንፋሽ ብናገር ነጻ እወጣለሁ፤ እሷ ግን በዚያ ስስ ግድግዳ የሰማሁትን ሳቅ ሁሉ መልሳ ልትቆጥረው ነው፣ እያንዳንዱ ሳቅ ፊት እሱ እያወቀ እንደተቀመጠ ልታየው ነው። ለሐቅ ስከራከር የኖርኩ ሴት፣ ሐቁን እንደያዝኩ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ በር ለበር ኖርን። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ አንዳችን ስንወርድ ሌላችን ጥግ ይዘን እንቆማለን፤ «ሰላም» እላታለሁ፣ «ሰላም» ትላለች። ድስቱን አጥባ በሬ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ባዶውን። ሌላ ቤት ልፈልግ እያልኩ አልሄድኩም፤ ትታኝ የሄደችው እሷ ናት፣ ወንድሟ ዘንድ ቶርንተን ገባች። ባንዲራውን ይዘሽ ነይ ያለኝም አልነበረም። ተስፋዬም ወደ ሌላ ስቴት ሄዶ ቀረ፣ የእሑዱ ቡድንም ወልዶ፣ ወፍሮ፣ ተበተነ።

ሰዓዳ ባለፈው ዓመት ዐረፈች። ቶርንተን ድረስ ልጄ ወሰደኝ፤ በዚያው ድስት ምስር ሠርቼ ሄድኩ። ቃሌ እዚያ ላይ አለቀ፤ ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ አሁን መናገር እችላለሁ አልኩ በልቤ፣ ዙሪያዬንም ሳይ የማውቀው ፊት አልነበረም። ወንድሟም በእርጅና ሰው መለየት ተስኖት፣ እኔን ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ያን ሁሉ ዘመን በሩ ሲከፈት የምናገረውን ሳዘጋጅ ኖሬ፣ በሩ ሲከፈት የሚሰማኝ ጠፋ። ሎውሪ ማዶ ያለው ሜዳ ላይ ቤት ተሠርቶበታል። መስመሬ የነበረበት የማን ወጥ ቤት እንደሆነ እንጃ።

ይኼን ሁሉ የማስበው መኪናው ውስጥ፣ በተዘጋ መስኮት ነው። ናኦሚ ከኋላ ወንበር አጠገቤ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየችና «አያቴ» አለች። «ሪሊ ጎል ነበር?»

አባቷ ከእግሯ ላይ ቀና ብሎ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ነበር እንጂ፣ ቤቢ! ኮችሽም ጎል ብላለች።»

«አንተን አልጠየቅኩም» አለችው። «አያቴን ነው።»

«አልነበረም» አልኳት። «መስመሩ ላይ ቆማለች፣ አላለፈችም።»

 ልጄ ተነፈሰ። ናኦሚ ወደ ሜዳው ዞር ብላ ጎሉን ጥቂት አየችው፤ ከዚያ ቱቦውን ከአባቷ እጅ ነጥቃ ለእኔ ሰጠችኝና ያበጠ እግሯን ጭኔ ላይ ዘረጋች።

«አንቺ ቅቢኝ» አለችኝ።